«ከሲኒማ የወደቀ» ለተባለው የቴሌቪዥን ፊልም ዳይሬክተር የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ስለ ቴሌቪዥን ፊልም ዳይሬክተሮች የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንቺን ይመለከትሻል፣ አንብቢው» ይላል ከሥሩ። ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ኮንዶሚኒየማችን ስደርስ ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጽሑፉ ባጭሩ ይህን ይላል። የቴሌቪዥን ፊልም ዳይሬክተር ሲኒማ ያልተሳካለት ሰው ነው። ሥራው በጥድፊያ የሚሠራ ስለሆነ ጥበብ አይባልም። ደራሲው ጽፎ፣ ፕሮዲውሰሩ ከፍሎ ካበቃ በኋላ ለዳይሬክተሩ የሚቀረው «አክሽን» እና «ከት» ማለት ብቻ ነው። ፊልሙም ዛሬ ታይቶ ነገ ይረሳል። የእኛዎቹ ደግሞ ርካሽ ቦታ ፍለጋ ከከተማ ዳር ወጥተው ያንኑ ቪላ ደጋግመው ያሳዩናል፤ ሕዝቡም ሰልችቶት የቱርክ ድራማ መርጧል። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው አንድ ወጣት ይህን ሙያ ልማር ወይ ብሎ እንደጠየቃቸውና «ጊዜህን አታባክን» እንዳሉት ይነግሩናል።

እኔ 8 ዓመት በረዳት ዳይሬክተርነት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ለቴሌቪዥን ነው። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ሲኒማ ከልባቸው እንደሚወዱ ግን ከአጻጻፋቸው ይታያል። እኔም እወዳለሁ። ዝም ብዬ ላልፈው የነበረውን ጽሑፍ እንድመልስ ያደረገኝ ያ ወጣት ነው። የት እንዳለ አላውቅም፣ ይህን ግን እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። «ሲኒማ ያልተሳካለት» ስለሚለው።

ጸሐፊው መንገዱን እንደ ደረጃ ነው ያዩት። ታች ቴሌቪዥን፣ ላይ ሲኒማ። ላይ ያልደረሰ ታች ይቀራል። የሰዎችን የሥራ ታሪክ ላየ ግን ይህ ውኃ አያነሳም። አሜሪካዊውን ጆሴፍ ሳርጀንትን ልጥቀስ። (የውጭዎቹን ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።) በ1925 ተወለደ። ሲጀምር ተዋናይ ነበር። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልሞች ዝግጅት ገባ። በ1974 የኒውዮርክን የምድር ውስጥ ባቡር ስለሚጠልፉ ወንበዴዎች የሠራው የሲኒማ ፊልም እስከ ዛሬ ወዳጅ አለው። በ1987 ደግሞ የዚያን ዝነኛ የሻርክ ፊልም አራተኛ ክፍል ሠራና ተቺዎች አብጠለጠሉት።

በጸሐፊው ሚዛን ከሄድን ታሪኩ እዚህ ያበቃል። ሲኒማ ሞከረ፣ ወደቀ፣ ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ። ግን ዓመታቱን እንያቸው። ሳርጀንት በዳይሬክተርነት አራት ጊዜ ኤሚን፣ ማለትም የአሜሪካ ቴሌቪዥን ትልቁን ሽልማት አግኝቷል። የመጀመሪያውን የወሰደው በ1973፣ በቴሌቪዥን ፊልም ነው። የባቡሩ ፊልም ገና ሲኒማ ቤት አልገባም። ሰውየው ከቤቱ ወጥቶ፣ ዞሮ ወደ ቤቱ ነው የተመለሰው።

ተመልሶስ ምን ሠራ? ይህን ነው ጸሐፊው እንዲያዩት የምፈልገው። በ1997 በአላባማ፣ ቱስኪጊ የተፈጸመውን ግፍ የሚተርክ ፊልም አቀረበ። የአገሪቱ የጤና አገልግሎት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች ሳያክም ለ40 ዓመት ያጠናበት ታሪክ ነው። በ2004 ደግሞ የቪቪየን ቶማስን ታሪክ ሠራ። ቶማስ አናጺ የነበረ ጥቁር የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤት የመግባት ሕልሙ በገንዘብ እጦት ቀርቶበታል። በ1944 ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ በልብ ሕመም ሰውነቷ የሚጠቁር ሕፃን ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት፣ ከሐኪሙ ትከሻ ጀርባ በርጩማ ላይ ቆሞ እጁን የመራው እሱ ነው። ስሙ ግን ለብዙ ዓመታት አልተነሳም። ሁለቱም ፊልሞች በየዓመታቸው ምርጥ የቴሌቪዥን ፊልም ተብለው ኤሚ ወስደዋል። ሳርጀንት የመጀመሪያው ሲታይ 71 ዓመቱ፣ ሁለተኛው ሲታይ 78 ዓመቱ ነበር። ይህን ሰው «የወደቀ» የምንለው በየትኛው ወገን ነው?

ደግሞ ከሲኒማ ወደ ቴሌቪዥን በፈቃዳቸው የመጡም አሉ። ስዊድናዊው ኢንግማር በርግማን በዓለም ላይ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ በ1973፣ ስለ አንድ ትዳር የሚተርክ ባለ ስድስት ክፍል ሥራ ለአገሩ ቴሌቪዥን ሠራ። የሲኒማ ቤቱ ቅጂ ከዚያ ነው ተቆርጦ የወጣው። ማንም አላስገደደውም።

ሁለተኛው ነጥብ ጥድፊያ ነው። ጸሐፊው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ጠቅሰዋል። ተረቱ እውነት ነው። ጥሩ የቴሌቪዥን ዳይሬክተር ግን እየሮጠ አይታጠቅም። ከቤቱ ታጥቆ ነው የሚወጣው።

ስቲቨን ስፒልበርግ በ1971 «ዱኤል»ን ሲሠራ 24 ዓመቱ ነበር። ለአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን የተሠራ፣ ማስታወቂያ የሚገባበት ጊዜ ተቀንሶ 74 ደቂቃ የሆነ ፊልም ነው። አንድ መኪና፣ አንድ ቦቴ፣ አንድ ረጅም መንገድ። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ያህል ነው የፈጀው። ያው ፊልም በኋላ ጥቂት ትዕይንት ተጨምሮበት 90 ደቂቃ ሆነና አውሮፓ ውስጥ ሲኒማ ቤት ገባ። ጥድፊያው ጥበቡን ቢገድለው ኖሮ ሲኒማ ቤቶቹ ምን ብለው ይቀበሉት ነበር?

ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። ከሦስት ክረምት በፊት ለገጣፎ ዳር አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ተከራይተን አንድ የቴሌቪዥን ፊልም እንቀርጽ ነበር። ለጠቅላላ ፊልሙ የተሰጠን 9 ቀን ነው። የዚያን ቀኑ ሲን (ትዕይንት) ሁለት እህትማማቾች የሟች እናታቸውን ቤት ስለመሸጥ የሚከራከሩበት ነው። አራት ገጽ ንግግር። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን ቆመን እንኳን መሰማማት አልቻልንም። ሳውንድማኑ ሄድፎኑን አወለቀና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቤቱን ማታ ማስረከብ አለብን። ሌላ ቀን የለም።

ዳይሬክተራችን ስክሪፕቱን ይዞ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ ያህል ማንንም አላናገረም። ከዚያ ተነሳና ጣሪያው የት የት እንደሚያፈስ ባለቤቲቱን ጠየቃቸው። እማማ ሦስት ቦታ አሳዩት። «ሳፋና ድስት አምጡልኝ» አለ። ንግግሩን በሙሉ አወጣው። ታላቅየዋ በየሚያፈስበት ቦታ ዕቃ እየደቀነች ትዞራለች። ታናሺቱ የእናታቸውን ልብስ በማዳበሪያ ትከታለች። አንዱ ድስት ሲሞላ ታላቅየዋ ደፍታ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ታናሺቱ ታያታለች። ከአራት ገጽ የቀረው አንድ አረፍተ ነገር ነው። ታናሺቱ «አትሸጪውም አይደል?» ትላለች። እሱንም ዝናቡ ጋብ ሲል ቀረጽነው።

ፊልሙ ሲተላለፍ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ሲን ነበር። እድል ነው እንዳትሉኝ። እኔ የእሱን ስክሪፕት አይቼዋለሁ። ከቀረጻው ሳምንታት በፊት በእያንዳንዱ ሲን ኅዳግ ላይ ሲኑ ለምን እንዳስፈለገ በእርሳስ በአንድ መስመር ጽፏል። እዚህኛው ላይ «ታላቅየዋ መሸጥ እንደማትፈልግ ታናሺቱ የምታውቅበት» ይላል። ይህን ስለሚያውቅ ንግግሩ ቢጠፋም ሲኑ አልጠፋበትም። 60 ቀን ያለው ሰው ዝናቡ እስኪያልፍ ይጠብቃል። እሱ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ የሚፈልገውን ነገር ቀድሞ ማወቅ ግዴታው ነው።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያመጣኛል፣ «አክሽንና ከት» ወደሚለው። እውነቱን ለመናገር በጣም ያናደደኝ ይህ ነው።

በአማርኛ ለዚህ ሰው ጥሩ ቃል ነበረን። አዘጋጅ። በቴአትር ቤት ዛሬም እንዲሁ ይባላል፤ ደራሲ እገሌ፣ አዘጋጅ እገሌ። ዳይሬክተር የሚለው ሲመጣ ቃሉ ወደ ኋላ ቀረ እንጂ ሥራውን የሚገልጸው የእኛው ነው። ያዘጋጃል። ሰው፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ ድምፅ፣ ዝምታ ያዘጋጃል። «አክሽን» ሲባል ሥራው አብዛኛው አልቋል።

ሳርጀንትን አንድ ጊዜ ደግሜ ላንሳ። በ1985 መስማት ከተሳናቸው ወላጆች ስለተወለደች ልጅ አንድ ፊልም ሠርቷል። ከኤሚዎቹ አንዱን ያገኘው በዚህ ነው። እናትና አባቷን ሆነው የተጫወቱት ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ተዋንያን ናቸው። እዚያ ቦታ ላይ «አክሽን» ብሎ መጮህ ምን ይፈይዳል? ዳይሬክተር ሥራው መጮህ ቢሆን ኖሮ ያ ፊልም አይሠራም ነበር።

ከእኛም አንድ ነገር ልጨምር። እዚሁ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት እናት ውኃ ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የምትወጣበትን ትዕይንት እንቀርጽ ነበር። ስክሪፕቱ ላይ ያለው «ጀሪካን ይዛ ደረጃ ትወጣለች» የሚል ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ከቀረጻው በፊት ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቶቼ ማነው ይሄ ሰውዬ ብለው እኔን ጠየቁኝ። ውኃ የጠፋበት ሳምንት ነበርና ሴቶቹ ከታች እየቀዱ ይወጣሉ። ምን እንዳየ በኋላ ነገረን። ሁሉም ማለት ይቻላል ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ቆመው እጅ ይቀይራሉ። ሲቀይሩ ጣታቸውን ይዘረጉታል፣ ያጥፉታል። የጀሪካኑ እጀታ መዳፋቸው ላይ ቀይ መስመር ትቷል። ካሜራውን እዚያ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከለው። ከታች እስከ ላይ አልተከተላትም። ስትደርስ፣ ጀሪካኑን ስታስቀምጥ፣ መዳፏን ስታይ፣ ስታነሳ። 20 ሰከንድ የማይሞላ ሾት ነው። ደራሲው አልጻፈውም። ፕሮዲውሰሩ አልከፈለበትም። ማን ሠራው ታዲያ?

በዚያ ላይ ይህ ሰው የሚሠራው ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ተመልካች አይደለም። ሕፃን ለሚያለቅስበት፣ ስልክ ለሚጠራበት ቤት ነው። እኛ ቤት ቡና ሲቆላ ከቴሌቪዥኑ ምንም አይሰማም። ያ የጀሪካኑ ዳይሬክተር ይህን ያውቃል። ዋና ቃል ሲኑ እንደተከፈተ እንዲነገር አይፈቅድም። «መጀመሪያ ቀና ይበሉ፣ ከዚያ ይነገራቸዋል» ይላል። የሲኒማ ዳይሬክተር ይህን ጭንቀት አያውቀውም። ማወቅም የለበትም። ግን ቀላል ነው አይባልም።

«ዛሬ ታይቶ ነገ ይረሳል» ስለሚለው ብዙ አልልም። በ1966 ኬን ሎች የተባለ የ30 ዓመት ወጣት ለቢቢሲ ቤት አልባ ስለሆነች እናት አንድ ድራማ አቀረበ። ያን ሌሊት 12 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው። የቤት እጦት ጉዳይ በእንግሊዝ ሲነሳ ዛሬም ያ ሥራ ይጠቀሳል። በ1983 ደግሞ ኒኮላስ ሜየር ስለ ኑክሌር ጦርነት የሠራውን የቴሌቪዥን ፊልም አሜሪካ ውስጥ 100 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። ፕሬዚዳንት ሬገን እንኳን አይተውት በጣም እንዳስጨነቃቸው በማስታወሻ ደብተራቸው ጽፈዋል። ሜየርም ቢሆን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተዋጣለት የሲኒማ ፊልም ያወጣ ሰው ነበር።

እዚህ ጋ ለጸሐፊው የምሰጣቸው እውነት አለ። የእኛ ሥራዎች በርግጥ ይጠፋሉ። የሚያጠፋቸው ግን ተመልካች አይደለም፣ ማስቀመጫ ነው። ቢቢሲም በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ብዙ ሥራዎቹን ከቴፕ ላይ እያጠፋ ሌላ ቀርጾበታል፣ በኋላም ተጸጽቷል። እኛ የሠራነውን አንድ ፊልም ያስተላለፈ ጣቢያ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ቅጂ ስንጠይቀው «ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል» አለን። የእኛም ቅጂ ያልተሟላ ነበር። ያ የጀሪካን ሾት ዛሬ ያለው እኔ ስልክ ላይ ብቻ ነው፣ ያውም ከቴሌቪዥን ላይ የተቀዳ። ይህ ያንገበግበኛል። ግን ሐውልቱ ፈረሰ ተብሎ ጠራቢው አይወቀስም።

የከተማ ዳሩን ነገር ደግሞ እንየው። ጸሐፊው ቪላውን በተመለከተ ልክ ናቸው። ለገጣፎ ያሉ ትልልቅ ቤቶች በድራማዎቻችን ላይ በጣም በዝተዋል። ያው ሰፊ ሳሎን፣ ያው ጠመዝማዛ ደረጃ፣ ያው በር የሚከፍት ዘበኛ። እኔም ሰልችቶኛል። ብዙ ጊዜ ግን ቪላውን የሚመርጠው ዳይሬክተሩ አይደለም። ስፖንሰር «ደስ የሚል ቤት ይታይ» ይላል፣ ፕሮዲውሰሩም ይስማማል። ዳይሬክተሩ የሚታገለው ለኮንዶሚኒየሙ፣ ለጭቃ ቤቱ፣ ለባጃጅ ተራው ነው።

«ከከተማ ዳር ወጥተው» የሚለው አነጋገር ራሱ ቅር አሰኝቶኛል። ለእኛ እኮ ዳር አይደለም። የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ጀሞ ብላችሁ ቁጠሩ። የአዲስ አበባ ሰው ዕጣ ደርሶት፣ ኪራይ ሸሽቶ፣ ትዳር ይዞ የወጣው ወደዚህ ነው። እኔ ከምኖርበት ብሎክ ተነስቼ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ለመድረስ መጀመሪያ መገናኛ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ነው። ፊልሙ አልቆ ማታ ስመለስ ታክሲ የለም። ኮንትራት ልያዝ ካልኩ የትኬቱን ዋጋ ብዙ ጊዜ ያጥፈዋል። ጎረቤቴ ሦስት ልጆች አሏት። ሲኒማ ቤት የገባችው ከማግባቷ በፊት እንደሆነ ነግራኛለች። ለእሷ ፊልም ማለት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቴሌቪዥን ላይ የሚመጣው ነው። ሌላ የላትም። ለእሷ የሚሠራን ሰው አሳንሶ ማየት እሷንም አሳንሶ ማየት ይመስለኛል።

ስለ ቱርኩ ድራማ ባጭሩ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ሕዝቡ ወደዳቸው፣ እውነት ነው። ግን እነዚያን ድራማዎች ማን ሠራቸው? የቱርክ የቴሌቪዥን ዳይሬክተሮች ናቸው እኮ። ጸሐፊው ማስረጃ ብለው ያመጡት ነገር የሙያውን አቅም ነው የሚያሳየው።

አሁን ወደዚያ ወጣት።

ወንድሜ፣ ጸሐፊው ያልነገሩህ ከባድ ነገር አለ፣ እኔ ልንገርህ። ገንዘቡ አይጨበጥም። ውል ሳይፈረም ሥራ የሚጀመርበት ጊዜ ብዙ ነው። ግማሹ ሲከፈል ቀሪው «ሲተላለፍ» ይባላል፣ ሲተላለፍ ደግሞ «ስፖንሰሩ ሲከፍል» ይባላል። እኔ አንድ ሥራ ላይ ቀሪዬን 14 ወር ጠብቄያለሁ። መጨረሻ ላይ የሚወጣው የስም ዝርዝር በማስታወቂያ ይቆረጣል፣ እናትህ ስምህን ሳታየው ታልፋለች። ያ የዝናቡን ሲን የሠራው ዳይሬክተር በዓመት አንድ ወይም ሁለት ፊልም ያገኛል፣ በመሃል ሰርግ ይቀርጻል። አያፍርበትም። «ሰርግ ላይ ሁለተኛ ቴክ የለም፣ ለእጄ ጥሩ ነው» ይላል። ስለዚህ ሌላ መተዳደሪያ ይኑርህ። ስትስማማ በወረቀት ተስማማ። ከሠራኸው ሁሉ አንድ ቅጂ ቤትህ አስቀምጥ፣ ሌላውን ዘመድ ቤት።

መማሩን ግን ተማር። ስክሪፕት አንሳና በእያንዳንዱ ሲን ኅዳግ ላይ ለምን እንዳስፈለገ በአንድ መስመር ለመጻፍ ሞክር። የማይጻፍልህ ሲን ካለ ወይ ሲኑ ትርፍ ነው ወይ ገና አልገባህም። ደረጃ ላይ ቁጭ ብለህ ሰው ሲወጣ ሲወርድ እይ። ካሜራ አያስፈልግህም።

እኛ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እዚሁ አባዶ፣ ከመጨረሻው ታክሲ ማዞሪያ ጀርባ ቀረጻ አለን። ክላፐር፣ ማለትም ቀረጻ ሲጀመር ካሜራ ፊት የሚጨበጨበውን ሰሌዳ የሚይዝልን ልጅ ጎድሎናል። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ምሳ አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ማዞሪያው ጋ ጠብቀኝ። ጭቃ ስለሆነ ቦቲ አድርገህ ና።